ኤች አይ ቪ በሕፃናት ላይ፦ የሥርጭቱ ጠባይና የምርመራው ወቅት

የትምህርቱ ዓላማ፦ የጤና ባለሙያዎች ኤች አይ ቪ በሕፃናት ላይ የሚኖረውን የተለየ ጠባይ ተረድተው፣ ምርመራው መዘግየት የሌለበት ለምን እንደሆነ ለእናቶች ማስረዳት እንዲችሉ ነው።

1. የመተላለፊያ መንገዶች

በሕፃናት ላይ የሚታየው ኤች አይ ቪ በአብዛኛው በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም ጡት በማጥባት ጊዜ ከእናት የሚተላለፍ ነው። የመከላከያ እርምጃ ካልተወሰደ፣ ቫይረሱ በደማቸው ከሚገኝ እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት መካከል ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት በቫይረሱ ይያዛሉ። እናቲቱ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከወሰደች፣ ሕፃኑም የመከላከያ መድኃኒት ካገኘ ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። በሀገራችን ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ወዲያውኑ የዕድሜ ልክ ሕክምና እንድትጀምር የተወሰነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

2. የበሽታው ፍጥነት

በአዋቂ ሰው ቫይረሱ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። የሕፃን በሽታ የመከላከል አቅም ግን ገና ያልዳበረ በመሆኑ ሕመሙ ይፈጥናል። በቫይረሱ ተይዘው ሕክምና ካላገኙ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። በእርግዝና ወይም በወሊድ ጊዜ በተያዙት ላይ ሞት የሚበረታው ገና በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ነው። ምልክቶቹም የሳንባ ምች፣ ተቅማጥና የክብደት አለመጨመር በመሆናቸው ከሌሎች የሕፃናት ሕመሞች ጋር በቀላሉ ይምታታሉ። ምልክት እስኪታይ መጠበቅ የሚያስከትለው አደጋ ከዚህ ይመነጫል።

3. ምርመራው

ከእናት የተላለፈ ፀረ እንግዳ አካል በሕፃኑ ደም ውስጥ እስከ 18 ወር ሊቆይ ይችላል። ስለሆነም የተለመደው ፈጣን ምርመራ ከዚያ ዕድሜ በፊት የሕፃኑን መያዝ አያረጋግጥም። በስድስተኛው ሳምንት ከሕፃኑ ተረከዝ የደም ጠብታ በወረቀት ላይ ተወስዶ ቫይረሱን ራሱን የሚለይ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። እናቲቱ ለ45 ቀን ክትባት የምትመጣበት ወቅት በመሆኑ ይህ አጋጣሚ ሊያልፍ አይገባም። ቫይረሱ የተገኘበት ሕፃን በዚያው ሕክምና ይጀምራል። ነጻ የሆነውም ጡት እየጠባ እስከሆነ ድረስ ተጋላጭነቱ ስለማያበቃ፣ ክትትሉ ማጥባት ካቆመ በኋላ እስከሚደረገው የመጨረሻ ምርመራ ይቀጥላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. የ9 ወር ሕፃን በፈጣን ምርመራ ፀረ እንግዳ አካል ቢገኝበት ውጤቱ ምን ያመለክታል?
ለ. በስድስተኛው ሳምንት ነጻ የተባለ ልጅ ያላትን እናት ክትትሏን እንዳታቋርጥ እንዴት ትመክራላችሁ?