ከቁርኣን ቤት የቀሩትን ልጆች ማን ቆጠራቸው?

ግንብ የሚያቆምልንን ሰው ስንቀጥር ከማን እንደተማረና የት እንደሠራ እንጠይቃለን። ልብስ ሰፊ ዘንድ ስንሄድ እንኳ ጨርቃችንን ከመስጠታችን በፊት የሰፋውን እናያለን። የአምስት ዓመት ልጃችንን ለቁርኣን ቤት ስንሰጥ ግን ጥያቄያችን አንድ ብቻ ነው፤ ኡስታዙ ሓፊዝ ነው ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ቁርኣንን ማወቅና የአምስት ዓመት ልጅን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች ናቸው። አንዱ ሌላውን ይዞ አይመጣም።

ይህን ሐሳብ በመስጊድ ደጅ ባነሳሁ ቁጥር የሚገጥመኝ መልስ «አባቶቻችን በአለንጋ ቀርተው አይደለም ወይ ዓሊም የሆኑት?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሆነዋል። የወሎን፣ የሐረርን፣ የጅማን ታላላቅ ኡለማዎች ያፈራው ያ ትምህርት ነው፤ አላህ ይዘንላቸው። ነገር ግን ማስረጃው የወጡትን ብቻ የቆጠረ ነው። በእኛ አነጋገር «ቀሩ» ማለት ተማሩም ነው፣ ጎደሉም ነው። ተምረው የወጡትን በስማቸው እናውቃቸዋለን፣ ዱዓም እናደርግላቸዋለን። ከመንገድ የቀሩትን ግን ማንም አልቆጠራቸውም። ከአንድ ሸይኽ ዘንድ ሃምሳ ልጅ ገብቶ ሦስት ዓሊም ቢወጣ፣ አርባ ሰባቱ የት ደረሱ? ዱላውን ፈርተው ሸሹ? ታመሙ? ከብት ጠብቁ ተባሉ? ይህን ሳናውቅ አለንጋው ነው ያስተማራቸው ማለት አይቻልም። ምናልባትም ሦስቱ ዓሊም የሆኑት በአለንጋው ሳይሆን አለንጋውን ችለው ነው።

በማውቀው ሰፈር አንድ ልጅ ነበር። ሐርፍ አይገባውም፣ ፈዛዛ ነው ተብሎ ከኋላ ይቀመጥ ነበር፤ ከኋላ መቀመጡም ነገሩን አባሰው። በመጨረሻ አንዲት የጤና ባለሙያ ዘመዱ ስታየው ሁለቱም ጆሮዎቹ መግል ይዘው ኖሯል። ልጁ ሲጠራ ፊቱን ወደ አንድ ወገን ያዞር፣ የሰው አፍ አፍ ያይ ነበር። በልጆች አያያዝ ጥቂት ወር የሠለጠነ ሰው ይህን ምልክት በመጀመሪያው ሳምንት ይለየዋል። ኡስታዙ ክፉ ሰው አልነበረም። ምን እንደሚያይ የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።

ሥልጠና የሚለው ቃል ከውጭ የመጣ የሚመስላቸው ወንድሞች አሉ። የቀይረዋኑ ኢብን ሰሕኑን በሒጅራ አቆጣጠር በ256 የሞተ ሲሆን፣ የሕፃናት አስተማሪ ስለሚገዛበት ሥርዓት ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፏል። የደሃና የሀብታም ልጅን እኩል ማየት፣ ልጁን ለግል ጉዳይ አለመላክ፣ የምቱ ቁጥር መገደቡ ሁሉ በዚያ ተነጋግሮበታል። ኢማም ገዛሊ ደግሞ በኢሕያእ ውስጥ ልጅ ከትምህርት በኋላ መጫወት እንዳለበት፣ ጨዋታ የተነፈገ ልጅ ልቡ እንደሚሞትና ማምለጫ ዘዴ እንደሚፈልግ አስጠንቅቋል። ኢብን ኸልዱንም በሙቀዲማው ጭካኔ በልጅ ላይ ስንፍናን፣ ውሸትንና ማስመሰልን እንደሚያሳድር አስረድቷል። እነዚህ ሰዎች ልጅን ቁጭ ብለው የተመለከቱ ሰዎች ናቸው።

በጎረቤታችን ኬንያ የሆነውን ልንገራችሁ። እ.አ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሞምባሳ ሙስሊም ሽማግሌዎች ልጆቻቸው በመንግሥት ትምህርት ቤት ወደ ኋላ መቅረታቸው አሳስቧቸው መፍትሔ ፈለጉ። ልጆቹ ዲናቸውን ሳይለቁ ለአንደኛ ክፍል ተዘጋጅተው እንዲገቡ ነበር ፍላጎታቸው። የአጋ ኻን ፋውንዴሽን እርዳታ ሰጣቸው። (ፋውንዴሽኑ የኢስማዒሊዮች ነው ብሎ የሚያጉረመርም አንባቢ አይጠፋም፤ መዋዕለ ሕፃናቱ ግን በአብዛኛው የሱኒው የሰዋሒሊ ሕዝብ የራሱ ናቸው፣ ኮሚቴውም የራሱ ነው።) ቢ ስዋፊያ ሰዒድ የተባሉ መምህርት ሥራውን ከጅምሩ መሩት። ወደ ዛንዚባር በ1990፣ ወደ ኡጋንዳ በ1993 ዘለቀ፤ መዋዕለ ሕፃናቱም ከ200 በላይ ሆኑ።

እኔን የሳበኝ ግን የአሠራሩ ነገር ነው። አስተማሪዎቹ ከሌላ ከተማ የመጡ ዲፕሎማ የያዙ ሰዎች አልነበሩም። ከዚያው ሰፈር የተመረጡ፣ ብዙዎቹ ትምህርታቸው ብዙም ያልገፋ ሴቶች ነበሩ። ከተማሩ በኋላም የምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸው አልተለቀቁም፤ አሠልጣኞቹ ክፍላቸው ድረስ እየሄዱ ሲያስተምሩ አይተው፣ ከልጆቹ መውጣት በኋላ አብረው ቁጭ ብለው ይመክሯቸው ነበር። መጫወቻውና መማሪያው ከኮኮናት ልጣጭ፣ ከጠርሙስ ክዳንና በአካባቢው ከሚገኝ ቁስ ተሠራ። ቁርኣኑና ኢስላማዊው አደብ ከቁጥሩና ከጨዋታው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ተሸመነ። ወላጆችም ልጅ ጥለው የሚሄዱ ሳይሆኑ ለክፍሉ አሠራር ተጠያቂ ሆኑ።

ይህም ብቻ አይደለም፤ ውጤቱ ተመዘነ። ተመራማሪዎች በሦስቱ አገሮች መድረሳው መዋዕለ ሕፃናት የገቡትን፣ ሌላ መዋዕለ ሕፃናት የገቡትን፣ ቤት የዋሉትንም ልጆች አስተያዩ። እ.አ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት መዋዕለ ሕፃናት የገቡት ቤት ከዋሉት በልጠው፣ ከገቡትም መካከል የመድረሳዎቹ ልጆች የበለጠ መሻሻል አሳይተው ተገኙ። ቤት የዋሉትን መቁጠራቸውን ልብ በሉልኝ። አሜሪካ ውስጥ በሚሺጋን፣ ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ በ1962 የተጀመረው የታወቀ ጥናትም እንዲሁ ነው። 123 የድሃ ቤተሰብ ልጆች ተወስደው 58ቱ መዋዕለ ሕፃናት ገቡ፣ 65ቱ አልገቡም፤ ሁለቱንም ወገኖች እስከ አርባ ዓመታቸው ተከታተሏቸው። የገቡት በትምህርትም በገቢም ሻሉ፣ በወንጀል መያዛቸውም አነሰ። የሞምባሳው ሥርዓትም ከዚያ ትምህርት ቤት አሠራር ተበድሯል።

በአገራችንም ሥራው አልተጀመረም አይባልም። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ከ2002 (እ.አ.አ.) ጀምሮ 3,000 ኢትዮጵያውያን ልጆችን ሲከታተል የቆየ ሲሆን፣ ከታናናሾቹ መካከል ከከተማ ልጆች ከግማሽ በላይ መዋዕለ ሕፃናት ሲያዩ ከገጠሮቹ ከመቶ አምስቱ እንኳ አላዩም። በ2010 (እ.አ.አ.) የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍም የወላጆችን ትምህርት ከአራቱ ምሰሶዎቹ አንዱ አድርጎታል። የገጠር ልጅ መዋዕለ ሕፃናት አላየም ማለት ግን ምንም አላየም ማለት አይደለም። በብዙ ቀበሌ ከአንደኛ ክፍል በፊት ልጅ የሚሰበሰብበት አንዱ ቦታ ቁርኣን ቤቱ ነው። ቤቱም አለ፣ ልጆቹም አሉ፣ አስተማሪውም አለ። የጎደለው ሥልጠናው ነው።

ሥልጠናው ቤትም መግባት አለበት። ሱረቱል በቀራ 233ኛዋ አንቀጽ ሁለት ዓመት ስለማጥባት ስታወሳ፣ ጡት ማስጣሉን እንኳ ለአባትና ለእናት ምክክር ትታዋለች። በእኛ ቤት ግን የሕፃን ነገር የእናት ብቻ ነው፤ አባት የሚጠራው ልጁ ሲቀጣ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሕፃን ለቅሶ ሰምተው ለእናቲቱ ሲሉ ሶላት ማሳጠራቸውን ስንሰማ እንዳደግን አስታውሱ።

ስለዚህ ለመጅሊሱና ለየመስጊዱ ኮሚቴዎች የማቀርበው ትንሽ ነገር ነው። በክረምት ተማሪ ሁሉ መድረሳ ሲሞላ፣ ከየሰፈሩ ሁለት ኡስታዞችና ሁለት ወጣት ሴቶች ለአንድ ወር ይሠልጥኑ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሥነ ልቦናና ትምህርት ያጠኑ ልጆቻችን ያሠልጥኗቸው፤ ከዚያም በየወሩ ክፍላቸው ድረስ ሄደው ይዩዋቸው። ወጪውን ከዘካ ሳይሆን ከሶደቃና ከወቅፍ ኪራይ መሸፈን ይቻላል። ለመዝገቡ ደግሞ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። የልጁ ስም፣ ዕድሜው፣ የገባበት ቀን፣ ጆሮውና ዓይኑ የታየበት ቀን፣ የቀረበት ቀን፣ ለምን እንደቀረ። የመጨረሻዋን አምድ ለመሙላት ኡስታዙ ራሱ የልጁ ቤት ድረስ ሄዶ ይጠይቅ።