የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ለጀማሪዎች፤ ትርፍና ጥሬ ገንዘብ ስለ መለያየታቸው

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው የአበው ቃል ከማንም ይልቅ ለነጋዴ የተነገረ ይመስላል። በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዝዞ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም ይህን ግዴታ አላነሣም። ይሁን እንጂ መዝገብ የሚያዘው ለሕግና ለግብር ብቻ ሳይሆን፣ ባለንብረቱ የሥራውን እውነተኛ ሁኔታ ዐውቆ እንዲመራ ነው። ብዙ ሽጦ፣ አትርፎም ሳለ ዕዳውን መክፈል የሚያቅተው ነጋዴ ጥቂት አይደለምና፣ የዚህን ምክንያት ከመሠረቱ እንመረምራለን።

፩ኛ፤ ሦስቱ መሠረታውያን ቃላት

ሀብት ማለት ድርጅቱ የያዘውና ወደ ፊት ጥቅም የሚያገኝበት ነገር ሁሉ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ፣ ዕቃ፣ መሣሪያ፣ እንዲሁም ከደንበኞች የሚሰበሰብ ሒሳብ ይገኙበታል። ዕዳ ማለት ድርጅቱ ለሌሎች የሚከፍለው ነው። ካፒታል ደግሞ ከሀብቱ ላይ ዕዳው ሲቀነስ ለባለቤቱ የሚተርፈው ድርሻ ነው። ስለዚህ ሀብት ምንጊዜም ከዕዳና ከካፒታል ድምር ጋር እኩል ይሆናል።

ይህ እኩልነት የሚጠበቀው እያንዳንዱ ሥራ በሁለት ወገን ስለሚመዘገብ ነው። የኢጣሊያው መነኩሴ ሉካ ፓቺዮሊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1494 ዓ.ም. በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ የከተማይቱ ነጋዴዎች ይሠሩበት የነበረውን ይህን ዘዴ ገልጦ ጽፎታል። የመዝገቡ ግራ ወገን ዴቢት፣ ቀኝ ወገን ክሬዲት ይባላል። ሀብትና ወጪ ሲጨምሩ በዴቢት፣ ዕዳ፣ ካፒታልና ገቢ ሲጨምሩ በክሬዲት ይጻፋሉ። ተማሪው ዴቢትን እንደ ጉዳት፣ ክሬዲትን እንደ ጥቅም አድርጎ እንዳይቈጥር ይጠንቀቅ፤ የወገን ስሞች ናቸው እንጂ ሌላ ትርጉም የላቸውም።

፪ኛ፤ ምሳሌ

ምሳሌውን ከቅርብ ለመውሰድ፣ በነፋስ ስልክ ላፍቶ አንድ የእንጨት ሥራ ባለሙያ የበጀት ዓመቱ በሚጀምርበት በሐምሌ 1 ቀን በ300,000 ብር ሥራ ጀመረ እንበል። ለትምህርቱ ቅለት ሲባል ታክስን ለጊዜው ትተነዋል።

በ120,000 ብር የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን በእጅ በእጅ ገዛ። የ80,000 ብር ጣውላ ደግሞ በዱቤ ወሰደ። ስለዚህ ሀብቱ ጥሬ ገንዘብ 180,000፣ ማሽን 120,000፣ ጣውላ 80,000፣ በድምሩ 380,000 ብር ሆነ። በሌላው ወገን ዕዳው 80,000፣ ካፒታሉ 300,000፣ ድምሩ ያው 380,000 ብር ነው።

በወሩ ውስጥ ጣውላውን በሙሉ ሠርቶበት፣ ለደመወዝና ለኪራይ 60,000 ብር ከፍሎ፣ ወንበርና ጠረጴዛ በ200,000 ብር ሸጠ። ከዚህም በእጁ የገባው 50,000 ብር ብቻ ሲሆን፣ 150,000 ብሩን ገዢው ከሁለት ወር በኋላ ይከፍላል። ማሽኑ አምስት ዓመት ያገለግላል ብንል፣ የወሩ የእርጅና ቅናሽ 2,000 ብር ነው።

ገቢ የሚመዘገበው ዕቃው ተሸጦ ለገዢው በተሰጠበት ጊዜ ነው፤ ገንዘቡ እስኪሰበሰብ አይጠበቅም። ያንን ገቢ ለማግኘት የዋለው ወጪም በዚያው ወር ይቀነሳል። ስለዚህ ከ200,000 ላይ ጣውላው 80,000፣ ደመወዝና ኪራይ 60,000፣ እርጅና 2,000 ሲቀነስ የወሩ ትርፍ 58,000 ብር ነው።

፫ኛ፤ ስሕተቱ የት ላይ ነው?

ባለሙያው በማትረፉ ተደስቶ 100,000 ብር ለቤቱ ጉዳይ አወጣ እንበል። ድርጅቱና ባለቤቱ በሒሳብ ዘንድ ሁለት ናቸውና፣ ይህ ገንዘብ የድርጅቱ ወጪ ሳይሆን የካፒታል መቀነስ ነው። ትርፉ 58,000 እንደ ሆነ ይቀራል፤ በሣጥኑ ያለው ጥሬ ገንዘብ ግን 70,000 ብር ብቻ ነው። በማግስቱ የጣውላው ነጋዴ 80,000 ብሩን ቢጠይቀው፣ ያተረፈው ሰው ዕዳውን መክፈል ተሳነው ማለት ነው።

የወሩ መጨረሻ ሚዛን እነሆ፦ ጥሬ ገንዘብ 70,000፣ ተሰብሳቢ 150,000፣ ማሽን 118,000፤ ድምር 338,000 ብር። ዕዳ 80,000፣ ካፒታል 258,000፤ ድምር 338,000 ብር። መዝገቡ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መዝገቡን ሳያይ ገንዘብ ያወጣው ባለቤቱ ነው። አስቀድሞ ቢመለከተው ኖሮ ለቤቱ የሚያወጣውን ይቀንስ፣ ወይም ዱቤውን ያሳጥር ነበር።

መልመጃ

በነሐሴ ወር ገዢው ከዕዳው 100,000 ብር ቢከፍል፣ የነሐሴ ትርፍ በዚሁ ምክንያት ይጨምራልን? ተማሪው ሁለቱን ወገኖች ጽፎ ይመልከት። ጥሬ ገንዘብ በዴቢት ይጨምራል፤ ተሰብሳቢ ሒሳብ በክሬዲት ይቀንሳል፤ ትርፉ ግን በሐምሌ ስለ ተመዘገበ አይነካም። ይህን ያስተዋለ ተማሪ የሒሳብ ሹምነትን የመጀመሪያ ደረጃ ወጥቷል።