ዋይፋይ ከሳሎን እስከ ጓሮ

ዱቦ ውስጥ አንድን ግቢ እንመልከት። ከፊት ቆርቆሮ ቤት አለ፤ ከኋላ የልጆች ቤት፤ በመካከሉ እንሰት። ራውተሩ ሳሎን ተቀምጧል። ከኋላ ያለችው ተማሪ ትምህርቷን በስልክ ልትከፍት ስትል እምቢ ይላታል። ለምን?

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ግድግዳ ያደክመዋል፤ ቆርቆሮ መልሶ ይወረውረዋል፤ ውሃ ያዘለው የእንሰት ቅጠልም ይቀንሰዋል።

ስለዚህ ሁለተኛ ማሰራጫ እንጨምራለን። የት እናስቀምጠው? እኛ አንድ ጊዜ ዋይፋዩ ጭራሽ ከጠፋበት ቦታ ሰቅለነው ገንዘባችን ከንቱ ቀረ። ከኮረብታ ኮረብታ ስንጣራ መሐል የቆመው ሰው ካልሰማን ምን ብሎ ያስተላልፋል? ገመድ አልባ ማሰራጫም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ገና በደንብ ከሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

የሚሻለው ግን ገመድ ነው። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። በገመድ ከተያያዘ ማሰራጫውን እዚያው ልጆች ቤት ማስቀመጥ ይቻላል። ለሁለቱም አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል እንስጣቸው፤ ልጅቷ ከቤት ቤት ስትሄድ ስልኳ ራሱ ይቀይራል። ከውጭ የሚገባው ኢንተርኔት ቀርፋፋ ከሆነ ግን ማሰራጫ መጨመር አያፈጥነውም።

ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ ከትተን እንቅበረው፤ አለዚያ እንሰት ሲኮተኮት ይቆረጣል።