ትኩሳት የማይታይበት ወባ፦ በእርግዝና ወቅት ምርመራው ለምን ያስቸግራል?

ብርድ ብርድ ማለት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ላብ፣ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም በወባማ አካባቢ የሚኖር ሁሉ የሚያውቃቸው ምልክቶች ናቸው። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ግን በሽታው ያለ ትኩሳት ሊቆይ ይችላል። ድካሙና ማቅለሽለሹም የእርግዝና ጠባይ ተደርጎ ይታለፋል።

የዚህ ምክንያት የሚገኘው በእንግዴ ልጅ ውስጥ ነው። ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ የወረራቸው ቀይ የደም ሕዋሳት ከእንግዴ ልጅ ጋር ተጣብቀው ይከማቻሉ። ከጣት በሚወሰደው ደም ውስጥ ቁጥራቸው ስለሚያንስ፣ ምርመራው «ወባ የለም» የሚል ውጤት ሊሰጥ ይችላል። በዚህ መካከል ግን የእናቲቱ ደም ያንሳል፤ ለፅንሱ የሚደርሰው ምግብና ኦክስጅንም ይቀንሳል። መዘዙም ውርጃ፣ ያለጊዜው መውለድ ወይም ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች የሚመዝን ሕፃን ሊሆን ይችላል።

የምልክቱ ዓይነት እንደ አካባቢው ይለያያል። ዓመቱን ሙሉ ወባ በማይጠፋባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች ነዋሪው ከፊል የመከላከል አቅም ስላለው ሕመሙ ይደበቃል፤ ይበልጥ የምትጎዳውም የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች እናት ናት። ስርጭቱ ወቅታዊ በሆነባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች ግን ይህ አቅም እምብዛም ስለማይዳብር ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ለከባድ ሕመም ትጋለጣለች። ራስን መሳት፣ መንዘፍዘፍ፣ የትንፋሽ ማጠርና የደም ስኳር መውረድ ፈጣን ሕክምና የሚሹ አደጋዎች ናቸው።

በማይክሮስኮፕ ሲመረመር፣ ወፍራሙ የደም ቅብ ተሕዋሱ መኖሩን፣ ስሱ ቅብ ደግሞ ዝርያውን ይለያል። ይህ በኢትዮጵያ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ከፋልሲፓረም ሌላ በጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚያገረሸው ቫይቫክስም አለና። ከዚህም በላይ፣ ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች የሚፈልጉትን ፕሮቲን የማያመነጩ የፋልሲፓረም ተሕዋሳት በኢትዮጵያና በኤርትራ ተገኝተዋል። ስለሆነም ምልክቱ ካልጠፋ በአንድ ውጤት ብቻ መርካት አይገባም፤ ምርመራው በ12 ወይም በ24 ሰዓት ልዩነት ሊደገም ይገባል።

መድኃኒቱ ፅንሱን ይጎዳል የሚል ስጋትም ምርመራን ማዘግየት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ውስብስብ ላልሆነ የፋልሲፓረም ወባ አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራትም እንዲሰጥ እ.ኤ.አ. በ2022 መክሯል።

ጉዳዩ በውጭ አገር ለሚኖሩም ይመለከታል። ከወባማ አካባቢ ለዓመታት የራቀ ሰው የነበረውን የመከላከል አቅም ያጣል። ነፍሰ ጡር ሆና ወደ አገር ቤት የምትጓዝ ሴት አስቀድማ ሐኪም ልታማክር፣ ከተመለሰች በኋላ ትኩሳት ቢይዛትም የት እንደነበረች ለሐኪሟ ሳትጠየቅ ልትናገር ይገባል። ወባ በማይታወቅበት ሆስፒታል ያ አንድ ቃል ምርመራውን ያፋጥነዋል።