የተከተቡ ጫጩቶች ለምን ይሞታሉ?

በዶሮ እርባታ የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች ዘወትር የምታነሡት ጥያቄ አለ። የሥጋ ዶሮዎቹ የፈንግል ክትባት በጊዜው ተሰጥቷቸው ሳለ በፈንግል ያልቃሉ። ወዲያው ክትባቱ ይወቀሳል፤ ከታቢውም ይታማል። በብድር ጫጩት የገዛው ቤተሰብ መንጋውን አጥቶ ዕዳው ሲቀርበት፣ ከእንግዲህ ክትባት አላምንም ማለቱ አያስደንቅም። ክትባት ቅዝቃዜው ካልተጠበቀ ስለሚበላሽ ይህን መመርመር ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ጥፋቱ ቀደም ብሎ ወደ ቤቱ የገቡ የሌሎች ቫይረሶች ሊሆን ይችላል።

ጫጩት ከፊንጢጣዋ በላይ ቡርሳ የምትባል ትንሽ ከረጢት አለቻት። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ሴሎች የሚበስሉት በዚህች ከረጢት ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2002 በደብረ ዘይት የታየው ጉምቦሮ የሚያጠቃው ይህችኑ ከረጢት ነው። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያሉት ታመው ይሞታሉ። 3 ሳምንት ሳይሞላቸው የተያዙት ግን ብዙውን ጊዜ ምልክት ሳያሳዩ ቡርሳቸውን ያጣሉ፤ እኛ የምንፈራው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1979 በጃፓን ተለይቶ የታወቀው የጫጩት ደም ማነስ ቫይረስ ነው። መቅኒንና በአንገት ግራና ቀኝ ያሉትን የቲመስ እጢዎች ይጎዳል፤ ሌላው የመከላከያ ሠራዊት የሚያድገው በዚያ ነው። ጤናማ ጫጩት 2 ወይም 3 ሳምንት ካለፋት ይህ ቫይረስ ቢይዛትም እምብዛም አትታመምም፤ ፀረ እንግዳ አካል አምርታ ትቋቋመዋለች። ጉምቦሮ ቡርሳዋን አስቀድሞ ካወደመባት ግን በምን ትቋቋመው? አደገች፣ አለፈላት ስንል ትወድቃለች። ሁለቱ ሲገናኙ ሁለቱም የመከላከያ ክንዶች ይሰበራሉ፤ ክትባትም ሥራውን የሚሠራው በእነዚሁ ክንዶች ነው።

ለእነዚህ ቫይረሶች የሚያድን መድኃኒት የለም። አንቲባዮቲክም ቢሆን ተከትለው የሚመጡትን ባክቴሪያዎች እንጂ እነርሱን አይነካም። ስለዚህ ጫጩት ስትገዙ እናት ዶሮዎቹ ለሁለቱም በሽታዎች መከተባቸውን ጠይቁ፤ መከላከያው በዕንቁላሉ አስኳል ወደ ጫጩቱ ይተላለፋል። የጉምቦሮ ቫይረስ በዶሮ ቤት ውስጥ ከ122 ቀን በኋላም ሊገኝ ስለሚችል አሮጌውን ጉዝጓዝ አውጡ፤ ቤቱንም በሳሙና አጥባችሁ ፀረ ተሕዋስያን ርጩበት።

የእንስሳት ሐኪምም ቶሎ ጥሩ። በጉምቦሮ የተያዘች ቡርሳ በ4ኛው ቀን ገደማ እጥፍ ያህል ታብጣለች፤ በ8ኛው ቀን ግን ከመጀመሪያ ክብደቷ ሲሶው ብቻ ይቀራል።