ደም ስታዪ ብሩሹን አታስቀምጪው

ቆይ፣ ውሃ አትልቀቂበት፤ ልየው። ደም ነው አይደል? «ብሩሹ ሻክሮብኝ ነው» እንዳትዪኝ ብቻ። ጤነኛ ድድ በብሩሽ እንዲህ አይደማም። ጥርስና ድድ የሚጋጠሙበት ላይ ቆሻሻ ሲጠራቀም ድዱ ይቆጣል፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል። አንቺ ደግሞ ደሙን ስታዪ ያንን ቦታ ፈርተሽ ትዘልዪዋለሽ፤ ቆሻሻውም እዚያው ይሰነብታል። የሚደማውን ቦታ እንዲያውም በደንብ አጽጂው፤ በለስላሳ ብሩሽ፣ ወደ ድድሽ ዘንበል አድርገሽ፣ ሳትፈትጊ። ጠዋትና ማታ። የማታውን ደክሞኛል ብለሽ እንዳትተዪው።

እርጉዝ መሆንሽም አለበት። በእርግዝና ጊዜ ሆርሞኑ ስለሚጨምር ድድ በትንሹም ይቆጣል። «ጽንሱ ካልሲየሙን ከጥርስሽ እየወሰደው ነው» የሚሉሽን ግን አትስሚያቸው፤ ጽንስ ከጥርስ ላይ የሚወስደው ነገር የለም። ይልቅ ሲያስመልስሽ ወዲያው አትቦርሺ፤ አሲዱ ጥርስሽን አለስልሶታልና በውሃ ተጉመጥምጠሽ ትንሽ ቆዪ። የከፋ የድድ በሽታ ያለባቸው እናቶች ላይ ያለጊዜው መውለድ በዛ ብሎ ታይቷል። ድድን ማከም ብቻውን ያንን እንደሚያስቀር አልተረጋገጠም፤ ላስፈራራሽ አልፈልግም። ግን እርጉዝ ነኝ ብለሽ ሕክምናውን አታራዝሚ፤ ለሐኪሙ ንገሪውና ጥርስሽን ታጠቢ።

ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል ይባላል አይደል? አያነቃንቅም። ቆሻሻው ሲቆይ እንደ ድንጋይ ይጠጥርና ብሩሽም የወይራ መፋቂያም አይነቅለውም። (መፋቂያ ንቄ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ቀደም ሲል ያበረታታው ነው።) ከሥሩ ያለው አጥንት ተበልቶ ካለቀ ጥርሱን ደግፎ የያዘው ያ ድንጋይ ይሆናል፤ ሲነሳ የቆየው መነቃነቅ ይገለጣል። ጥፋቱ ግን በእጥበቱ ላይ ይላከካል። የተበላው አጥንት ደግሞ ተመልሶ እንደነበረው አይሆንም። ያንቺ ገና መቆጣት ላይ ከሆነ ይድናል።

እኔን ይበልጥ የምታሳስበኝ እማዬ ናት። ስኳሯ ከፍ ሲል ድዷ ይጎዳል፤ ድዷ ሲያመረቅዝ ደግሞ ስኳሯ አልወርድ ይላል። ድዳቸውን የታከሙ የስኳር ሕመምተኞች የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ ውጤታቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ ታይቷል። መድኃኒቷን ይተካል ማለት ግን አይደለም። ድዷ የተነቀሰ ስለሆነ መቅላቱ አይታይሽም፤ ስለዚህ ዳቦ ስትገምጥ ዳቦው ላይ ደም ይቀር እንደሆነ፣ አፏ ይሸታት እንደሆነ ጠይቂያት።

ጎረቤታችንንም አደራ፤ ያቺ በልጅነቷ ቶንሲል ልቧን የነካትን። የአፍ ባክቴሪያ በደም ሄዶ የተጎዳ የልብ በር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጥርስ ከማስነቀሏ በፊት የልቧን ነገር ለጥርስ ሐኪሙ ትንገረው።

ነገ ለጥርስ ሐኪሙ ስትደውዪ የእማዬንም ቀጠሮ አብረሽ ያዢ። «ጥርሴን መቼ አመመኝ» ብላ ትከራከርሻለች፤ የድድ በሽታ ብዙውን ጊዜ ሳያም ነው የሚሄደው፣ እንደዚያ በያት።