መዥገር እንደምን ይነቀላል ቢሉ

ልጆቼ፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ አደራ ነው። ሥጋችን ፈጣሪ ያስያዘን ገንዘብ ነውና እንጠብቀዋለን። ጥር 23 ቀን ኢንጅባራ ላይ ለሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረሱን አጥቦ የሚያስጌጥ ሰው ጆሮውን ገልጦ፣ ጅራቱን አንሥቶ መዥገር ይፈልጋል። ዳንግላ ዙሪያ ከብት ሲጠብቅ ውሎ ማታ የሚገባውን ልጅ ግን ማን ገልጦ ያየዋል? ለፈረስ የተደረገ ለእረኛው እንዴት ይቀራል!

የት ይፈለጋል ቢሉ፤ በብብት፣ በብሽሽት፣ ከጆሮ ጀርባ፣ በእምብርት፣ በጉልበት እጥፋት፣ በጠጉር ሥር። እስኪያም ድረስ ስለምን አይጠበቅም ቢሉ፤ ምራቁ ያደነዝዛልና ሲነክስ አይሰማም።

ነጥቆ መጣል ስለምን አይበቃም ቢሉ፤ አፉ ወደ ኋላ የዞሩ ጥርሶች አሉት። ብዙው ዝርያም እንደ ሙጫ የሚደርቅ ፈሳሽ አፍስሶ ከቆዳ ጋር ይጣበቃል። የነጠቀው ሰው አካሉን ይዞ አፉን ያስቀራል።

እንደምን ይነቀላል ቢሉ፤ እሾህ በምናወጣበት ወረንጦ። የሚያዘው ያበጠው ሆዱ አይደለም፤ ቆዳ ታክኮ አፉ የገባበት ነው። ከዚያ ሳያጣምሙ፣ ሳይነጥቁ፣ ቀጥ አድርጎ በዝግታ ወደ ላይ መሳብ ነው። ወረንጦ ከሌለ ጣትን በንጹሕ ጨርቅ ወይም በፌስታል ሸፍኖ እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። አፉ ተሰብሮ ቢቀርና በቀላሉ ባይያዝ በመርፌ አትቆፍሩት፤ ቆዳው ራሱ ቀስ በቀስ ገፍቶ ያወጣዋል።

ክብሪት ማስጠጋት፣ ጋዝ ወይም ቅቤ መቀባትስ ቢሉ፤ አይገባም። እሳቱ ቆዳ ያቃጥላል፤ የተጨነቀው መዥገርም በውስጡ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል። አንድም፣ በራሱ እስኪለቅ ሲጠበቅ ጊዜ ይሄዳል፤ በቆየ ቁጥር በሽታ የማስተላለፍ ዕድሉ ይጨምራል።

ከተነቀለ በኋላ ምን ይደረጋል ቢሉ፤ ቁስሉንና እጅን በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ አልኮል ካለ መቀባት፣ ቢያሳክክም አለማከክ። መዥገሩ በጥፍር አይፈርጥ፤ አልኮል ውስጥ ይጣል፣ ወይም በፕላስተር ተጠቅልሎ ይወገድ።

ነገሩ በዚህ ያበቃል ቢሉ፤ አያበቃም። በአገራችን ከብት ላይ የሚገኘው፣ ጀርባው ያጌጠው መዥገር ሪኬትሲያ የሚባል ተሕዋስ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ያህል ልጁን ልብ በሉት። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ንፍፊት፣ ሽፍታ፣ ወይም በተነከሰበት ቦታ ጥቁር ቅርፊት ከታየ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ መድኃኒት አለው። «መዥገር ነክሶት ነበር» ማለትን አትርሱ፤ ካልተነገረ ወባ ወይም ታይፎይድ ሊመስል ይችላልና።

ጠበል አይበቃም ወይ ቢሉ፤ ጠበል ሐኪምን አይከለክልም። የደጉን ሳምራዊ ታሪክ የጻፈልን ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። ሳምራዊው በቆሰለው ሰው ቁስል ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ አሰረለት፤ በዚያ ግን አላቆመም፣ ወደ ማረፊያ ቤት ወስዶ አስታመመው። ቁስል ማጠብ የመጀመሪያው ምሕረት ነው፤ ሁለት ሳምንት ልብ ማለት ሁለተኛው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ እረኛው ሲገባ፣ እራት ከመቅረቡ በፊት ጆሮውን ገለጥ አድርጋችሁ እዩት።